የቼዝ ክለባችን አባላት ከፈጣን ጨዋታ ሌላ ምን ይሥሩ?

ጥያቄ፦ ፈረሰኛው (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። በደሴ ከተማ፣ በአንድ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ውስጥ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ አነስተኛ የቼዝ ክለብ አስተባብራለሁ። አባሎቻችን ሃያ አራት ሲሆኑ አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ጥቂት መምህራን፣ አንድ ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ እንዲሁም የጠጠሮቹን አካሄድ ገና የሚማሩ ሕፃናትም አሉበት። ዐሥር ሰሌዳዎች ከነሙሉ ጠጠራቸው፣ ሁለት የቼዝ ሰዓቶችና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አሉን። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ይኖራል፣ አንድ ቀን አይኖርም።

ችግራችን የሚከተለው ነው። ሰው እንደተሰበሰበ የአምስት ደቂቃ ጨዋታ ይጀመርና “የተሸነፈ ይነሣ” በሚለው ደንብ እስከ ምሽት ይቀጥላል። በዚህ አሠራር ጎበዞቹ ሦስትና አራት ሰዓት ሙሉ ከወንበራቸው ሳይነሡ ሲጫወቱ፣ ልምምድ የሚያስፈልጋቸው ጀማሪዎች ግን ቆመው ተመልካች ሆነው ይቀራሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም መምጣት ያቆማሉ። ጎበዞቹም ቢሆኑ ከዓመት ዓመት ያው ናቸው። ብዙ ገንዘብ ሳናወጣ ለአባላት ምን ዓይነት መርሐ ግብር ብናዘጋጅ፣ ምን ዓይነት የመማሪያ ቁሳቁስስ ብናሟላ ይሻላል ትላላችሁ? ከመካከላችን ጥቂቶቹን ወደ ውድድር የመላክ ሐሳብም አለን።

ምላሽ፦ አሠልጣኝ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከሁሉ አስቀድመው “የተሸነፈ ይነሣ” የሚለውን ደንብ ያስቀሩት። ደንቡ የጨዋታውን ጊዜ ከሚያስፈልገው ሰው ወስዶ ለማያስፈልገው ሰው የሚሰጥ ስለሆነ፣ እሱ እያለ የሚደረግ ማንኛውም ሌላ ዝግጅት ብዙም አይጠቅምም።

በምትኩ ሃያ አራቱን አባላት በችሎታቸው ስድስት ስድስት እያደረጉ በአራት ምድብ ይክፈሏቸው። በአንድ ምድብ ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ጋር ሲገጥም አምስት ዙርና ዐሥራ አምስት ጨዋታ ይሆናል። ድልድሉ ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ በመጀመሪያው ዙር 1ኛው ከ6ኛው፣ 2ኛው ከ5ኛው፣ 3ኛው ከ4ኛው ይጋጠማሉ፤ ከዚያ በኋላ 6ኛው ቦታውን ሳይለቅ ሌሎቹ አምስቱ በየዙሩ አንድ አንድ ወንበር እየተሸጋገሩ ይዞራሉ። ዐሥር ሰሌዳ ስላላችሁ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ምድቦች በስድስት ሰሌዳ ሲወዳደሩ በቀሪዎቹ አራት ሰሌዳዎች ሌሎቹ ይለማመዳሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው ይለወጣል። አምስቱ ዙር ሲያልቅ ከየምድቡ አንደኛ የወጣው ወደ ላይ፣ መጨረሻ የወጣው ወደ ታች ይዛወራል። የታችኛው ምድብ የመጨረሻ ጨዋታ እንኳ ትርጉም የሚኖረው በዚህ ዓይነት ነው።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስድሳ ደቂቃ ይስጡት፤ እያንዳንዱን እርምጃም ይመዝግብ። የምዝገባውን ነገር አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ያልተመዘገበ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ምንም ሊጠናበት አይችልም፤ ተጫዋቹም የሚያስታውሰው ያሸነፈበትን የመጨረሻ ብልሃት ወይም የተሸነፈበትን የመጨረሻ ጥፋት ብቻ ነው። መመዝገቢያ ወረቀት መግዛት አያስፈልግም፤ ተራ ደብተር በሁለት ዓምድ ተሠምሮ ይበቃል።

ጨዋታው እንዳለቀ ሁለቱ ተጫዋቾች ጠጠሮቹን እንደገና ደርድረው፣ ደብተራቸውን እያዩ፣ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምረው ይድገሙት። እያንዳንዳቸው ብዙ ያሰቡባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች ምልክት ያድርጉና “እዚህ ጋ ምን ፈርተህ ነው?”፣ “ይህን ወታደር ለምን አልገፋህም?” እየተባባሉ ይወያዩ። ላፕቶፑ በዚህ ሰዓት ተዘግቶ ይቆይ። ስቶክፊሽ ቼዝ የሚጫወት ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፣ ከማንኛውም ሰው ይልቅም ይበረታል፤ ሆኖም መልሱን ቀድሞ ከተናገረ ተማሪው ማሰቡን ያቆማል። ኮምፒውተሩን ሁለቱ ተከራክረው ከጨረሱ በኋላ ቢያማክሩት ይመረጣል።

ለትምህርቱ ሰዓት ከጨዋታ መክፈቻ ይልቅ የጨዋታ ማብቂያን ያስቀድሙ። እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የኩባው ካፓብላንካ ይመክር የነበረው ይህንኑ ነው። ለምሳሌ አንድ ንጉሥና አንድ ወታደር ከብቸኛ ንጉሥ ጋር የቀሩበትን አቋም ይውሰዱ። ንጉሡ ከወታደሩ ፊት ቀድሞ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ከደረሰ፣ ወታደሩም የዳር ወታደር ካልሆነ፣ ተራው የማንም ቢሆን ያሸንፋል፤ ወታደሩን እያስቀደመ ንጉሡን ከኋላ የሚያስከትል ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአቻ ይለያያል። ይህን አንድ ነገር ሁለት ሁለት ሆነው በየተራ እያጠቁና እየተከላከሉ እስኪያውቁት ድረስ ቢለማመዱት፣ ብዙ ነጥብ ያድንላቸዋል። የመክፈቻ ዓይነቶችን በስም መሸምደድ ጀማሪን ያዝናናው ይሆናል እንጂ በዚህ ደረጃ ጨዋታ ሲያሸንፍ ያየሁት እምብዛም ነው።

ምላሽ፦ የውድድር ዳኛ (ባሕር ዳር)

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ የምጨምረው ወደ ውድድር ስለምትልኳቸው አባላት ነው። ጥሩ ተጫዋቾች በችሎታ ማነስ ሳይሆን ደንብ ባለመልመድ ነጥብ ሲያጡ ማየት በጣም የተለመደ ነው። የነካኸውን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ መሆኑን በክለባችሁ ውስጥ ያለ ይቅርታ አስከብሩ። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ በፊዴ ማለት ነው፣ ደንብ መሠረት በመደበኛ ጨዋታ ሕገ ወጥ እርምጃ ያደረገ ተጫዋች መጀመሪያ ላይ ለባላጋራው ሁለት ደቂቃ ያስጨምርበታል፤ ከደገመ ጨዋታውን ይሸነፋል። ሰዓቱን ጠጠሩን ባንቀሳቀሱበት በዚያው እጅ መጫንን የመሰለ ትንሽ ነገር ሳይቀር ልምምድ ይፈልጋል።

የቼዝ ሰዓት እጥረቱ በነጻ በሚገኙ የስልክ መተግበሪያዎች ሊሸፈን ይችላል፤ ስልኩ በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ይቀመጥና ጥሪ እንዳይገባ የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ይደረግ። ይሁን እንጂ ይህ ለክለብ ብቻ የሚሆን መላ መሆኑን ለአባላቱ ንገሯቸው። በፊዴ ደንብ በሚካሄድ ውድድር ተጫዋች ያለ ዳኛ ፈቃድ ስልክ በኪሱ ይዞ ከተገኘ በዚያው ጨዋታ ሊሸነፍ ይችላል።

የውስጥ ደረጃ ነጥብም ጀምሩ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሁለት መቶ ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ከአንድ ጨዋታ የሚጠበቅበት ውጤት (ድል 1፣ አቻ 0.5 ሲቆጠር) 0.76 ገደማ ነው፤ ስለዚህ 1400 ያለው 1600 ያለውን ቢያሸንፍ፣ በተገኘውና በሚጠበቀው ውጤት መካከል ያለው ልዩነት የሚባዛበትን ቁጥር 20 ካደረጋችሁት፣ ዐሥራ አምስት ነጥብ ያህል ይጨመርለታል፤ ከተሸናፊውም ያንኑ ያህል ይቀነሳል። ይህን የክለብ ነጥብ ግን ከፊዴ ነጥብ ጋር እንዳታምታቱት። የፊዴ ነጥብ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ዝቅተኛ ወለሉ 1400 ሆኗል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማግኘትም በተመዘገበ ውድድር ነጥብ ካላቸው ተጫዋቾች ጋር ቢያንስ አምስት ጨዋታ ያስፈልጋል።

ፈረሰኛው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምድቡን ነገር በመጪው ቅዳሜ ለአባላቱ አቀርበዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ፈጣን ጨዋታውን ጨርሶ ብናስቀር ወጣቶቹ እንዳይቀሩብን እሰጋለሁ። በተጨማሪም ከሃያ አራቱ መካከል ሴቶች አራት ብቻ ናቸው፤ ለእነሱና ለሕፃናቱ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ምላሽ፦ መምህርት (ሐዋሳ)

በትምህርት ቤታችን የቼዝ ክበብ ስለምመራ ሁለቱም ጥያቄዎች የኔም ናቸው። በፈጣን ጨዋታ ላይ ከአሠልጣኙ ትንሽ እለያለሁ፤ ልጆች ወደ ክለብ የሚመጡት መጀመሪያ ለደስታ ነው። የመጨረሻውን አንድ ሰዓት ለፈጣን ጨዋታ ተዉላቸው፣ ነገር ግን ተሸናፊው ሳይሆን አሸናፊው ይነሣ። እኛ ዘንድ ይህ ለውጥ ብቻውን አዳራሹን ቀይሮታል።

ለሕፃናቱ በሁለት ንጉሥና በዐሥራ ስድስት ወታደር ብቻ የሚደረገውን ጨዋታ ስጧቸው፤ ወታደሩን መጨረሻው ረድፍ ያደረሰ ቀድሞ ያሸንፋል። ሌሎቹን ጠጠሮች በየሳምንቱ አንድ አንድ ዓይነት እየጨመሩ መሄድ ነው።

ሴት ልጆችን በተመለከተ ለብቻቸው ማግለልን አልደግፍም፤ በምድቡ ውስጥ እንደማንኛውም አባል ይወዳደሩ። ሆኖም አራቱን አንድ ቡድን አድርጋችሁ ከሌላ ትምህርት ቤት ወይም ክለብ ቡድን ጋር በአራት ሰሌዳ አጋጥሟቸው። በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የቼዝ ኦሊምፒያድ በሴቶች ዘርፍ የሚሰለፈው ቡድንም በአራት ሰሌዳ የሚጫወት፣ አንድ ተጠባባቂ ያለው ነው። አንዷ ስትቀር ሦስቱ የሚጎዱ መሆናቸውን ስለሚያውቁ መቅረት ይቀንሳል። አዲስ የምትመጣውን ልጅ የሚያስተምራትም ከእነሱ አንዷ ትሁን።

ስለ ቁሳቁሱ፣ ሊቼስ የተባለው ድረ ገጽ ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ የሚሠራ ነው። ኢንተርኔት በተገኘ ቀን የእንቆቅልሽ አቋሞችን አውጥታችሁ፣ በአንድ ገጽ ስድስት ስድስት አድርጋችሁ አትሙ፤ በአንድ እርምጃ ሜት የሚሆኑትን (ንጉሡ ተጠቅቶ ማምለጫ የሚያጣባቸውን) ለሕፃናት፣ በሁለትና በሦስት እርምጃ የሚፈቱትን ለላይኞቹ። መልሱ በጀርባው አይጻፍ። ልጆች ገልብጠው ያያሉ፤ አዋቂዎቹም አይተርፉ።

ምላሽ፦ ፊል (ዋሽንግተን ዲሲ)

እንደ ትልቅ ሰው አንድ ነገር ላንሣ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሰንጠረዥ የሚባለውን የጥንቱን የሀገራችንን ቼዝ አጫውቷቸው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት አይቶ ጽፏል። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ሳይሆን መስመር የተሠመረበት ጨርቅ ስለሆነ ወጪ የለውም። በዘመናዊው ቼዝ ጳጳስ በሚባለው ጠጠር ቦታ የሚቆመው ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘልላል፣ በንግሥቲቱ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ ደግሞ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ልጆቹን የሚያስደንቃቸው ወረራው ነው፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ፣ ባንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። አንድ ዳኛ አጠገባቸው ቆሞ “ተበላ” ሲል ሁለቱም እጃቸውን ያነሣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ይሆናል። ያ ዳኛ ማን ይሁን ካላችሁ፣ ጡረተኛውን የባንክ ሠራተኛ ጠይቋቸው።