የፍሮዝን ቆረጣ የሥራ ጫና መለኪያ፦ በጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ባልደረቦች፣ ሰላም ናችሁ? ለባሕር ዳር ሆስፒታሎች የሥራ ምዘና ከምናቀርበው ሐሳብ ያልተቋጨው የፍሮዝን ቆረጣ (ናሙናን አቀዝቅዞ በስሱ ቆርጦ ስላይድ በሚባል መስታወት ላይ በአጉሊ መነጽር ማየት) ብቻ ነው። ረቂቁ ላይ «አንድ ባለሙያ በሰዓት 12 ስላይድ» የሚል ሰፍሯል። የምትቃወሙም የምትደግፉም ከነምክንያቱ ጻፉ።

ቴክኖሎጂስት (ፓቶሎጂ)፦ ይሄ 12 ከፓራፊን (ናሙናው በሰም ተቀብሮ ከሚቆረጥበት አሠራር) የተቀዳ ይመስላል። የፓራፊን ብሎክ ጠዋት በረዶ ላይ ተደርድሮ በተራ ይቆረጣል። ፍሮዝን የሚመጣው ግን ቀዶ ሐኪሙ በፈለገው ሰዓት ነው። ታካሚው ሰመመን ውስጥ ሆኖ መልስ ሲጠበቅ ሊለካ የሚገባው ናሙናው ከገባበት ውጤቱ ለቀዶ ሐኪሙ እስከተነገረበት ያለው ደቂቃ ነው። በሙያው የተለመደው ልክ ለአንድ ብሎክ (ለመቆረጥ ለተዘጋጀ አንድ የናሙና ቁራጭ) 20 ደቂቃ ነው፤ ከ10 ናሙና 9ኙ በዚያ ውስጥ እንዲያልቅ። አከፋፈሉን እንዲህ አስባለሁ፦ ምዝገባና የስም ማጣራት 2፣ ናሙናውን አይቶ ቁራጩን መምረጥ 3፣ ማቀዝቀዝ 2፣ ቆረጣ 3፣ ማቅለም 4፣ ንባብና ስልክ 6። ሁለተኛ ብሎክ አብሮ ከመጣ፣ የመጀመሪያው ሲቆረጥ እሱ ስለሚቀዘቅዝ ጭማሪው 5 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ይሄ በጽሑፍ ይግባ።

ፓቶሎጂስት፦ ትክክል። እኔ የምጨምረው፣ ስላይድ ቢቆጠር እንኳ የሚነበበው ብቻ ይቆጠር። ቆራጩ ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚበላሸው ማቀዝቀዙ ነው። ቁራጩ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ በሴሎቹ ውስጥና መሀል የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፤ ቀለም ሲገባበት ወንፊት ይመስላል። በጋዝ ጨርቅ ላይ በሳላይን (በጨው ውኃ) ርሶ የመጣም ያው ነው፤ የናሙና መያዣው ብረት ላይ ከመጫኑ በፊት ውኃው ይመጠጥ። ሁለተኛው ጥፋት ስላይዱ አየር ላይ መድረቁ ነው። ቁራጩ መስታወቱን እንደነካ ወዲያው 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ካልገባ ኒውክለሱ (የሴሉ እምብርት) ያብጣል፣ ይደበዝዛል። እጢው ክፉ ይሁን ደግ የሚለየው እዚያው ላይ ነው።

ቴክኖሎጂስት (ፓቶሎጂ)፦ ዶክተር፣ የሙቀቱን ነገርም ይጨምሩበት። በአንድ ዲግሪ ሁሉንም መቁረጥ አይቻልም። አንጎል፣ ጉበትና ሊምፍ ኖድ ከ−10 እስከ −15 ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በታች ይፈረካከሳሉ። እንቅርት ወደ −20 ገደማ ይቆረጣል። ስብ የበዛበት ጡት −25 እስከ −30 ይፈልጋል፤ ካልሆነ ምላጩ ላይ ይለጠፋል እንጂ አይቆረጥም። ከእንቅርት ወደ ጡት ሲዞር የክራዮስታቱን (የቀዝቃዛ ቆረጣ ማሽኑን) የውስጥ ክፍል ሙቀት ለማውረድ የሚወስደው ጊዜ በማንም ሪፖርት ላይ አይታይም። ጡት ሲመጣ ስቡን አስቀድሞ ቀንሶ ጠንካራውን ክፍል መምረጥ ከሁሉም ይሻላል።

አስተዳደር የሚከታተል አባል፦ የምትሉት ይገባኛል። ግን ቁጥር የሌለው ሐሳብ ይዘን ብንቀርብ በጀት የሚመድበው አካል አይቀበለንም።

ቴክኖሎጂስት (ምርምር)፦ ቁጥሩ ለምርምር ቆረጣ ይሁን። እዚያ የሚጠብቅ ታካሚ የለም፤ ብሎኩ ቀድሞ በኦሲቲ (ናሙናውን ይዞ በሚቀዘቅዝ ማጣበቂያ ፈሳሽ) ተቀብሮ −80 ላይ ተቀምጧል፤ 5 ማይክሮን ተከታታይ ቁራጭ ነው የሚወጣው። ብሎኩ ወደ ቆረጣው ሙቀት እስኪመጣ 30 ደቂቃ ያህል ክራዮስታቱ ውስጥ ይቀመጥ፤ ይህ ከሰዓቱ አይቆጠር። ከዚያ ረጋ ብሎ ከተሠራ በሰዓት 20 ስላይድ አይከብድም። ምላጩ ግን ይለወጥ፤ ቁራጩ ላይ ቀጥ ያለ ጭረት ከታየ ቦታውን ማንሸራተት፣ ካልሆነ አዲስ። በምላጭ መቆጠብ ብሎክ መጣል ነው።

ሰብሳቢ፦ የክረምቱንስ ነገር?

ቴክኖሎጂስት (ፓቶሎጂ)፦ እሱ ራሱን የቻለ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ የጣና እርጥበት የማሽኑ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ክራዮስታቱ ውስጥ ውርጭ ሆኖ ይቀመጣል። ውርጩ ቁራጩ እንዳይጠቀለል የሚከላከለው መስታወት ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ቁራጩ ይጠቀለላል ወይም ይሰነጠቃል። በክረምት ውርጭ ማራገፊያው በየሌሊቱ ይሥራ፤ ሰዓቱም የተረኛውን ሥራ እንዳይነካ ይሞላ። የመብራት መቋረጥም አለ። የማሽኑ ክፍል አንዴ ከሞቀ ወደ −20 ለመመለስ ሰዓታት ይፈጃል፤ ያ ጊዜ «ማሽን አልነበረም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ በሰው ላይ አይቆጠር።

ቴክኖሎጂስት (ምርምር)፦ ናሙናን በአይሶፔንቴን ለማቀዝቀዝ የሚያስብ ካለ፣ በባሕር ወለል ከፍታ 28 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ፈሳሽ ነው። እኛ ወደ 1800 ሜትር ላይ ነን፤ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። የከተማችን ቀትር ደግሞ የታወቀ ነው። ጠርሙሱ ለሚቀጣጠል ኬሚካል በተሠራ ማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ ተራ ፍሪጅ አይሆንም፣ ትነቱ በትንሽ ብልጭታ ይነዳል።

ፓቶሎጂስት፦ ቲቢ ሳይነሳ እንዳይቀር። ቅዝቃዜ ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ክራዮስታቱም ብናኙን ያነሳል። ቲቢ የተጠረጠረበት ሊምፍ ኖድ ፍሮዝን ባይገባ፣ በንክኪ ስሚር (የተቆረጠውን ፊት ስላይድ ላይ ነካ አድርጎ በሚወሰድ ናሙና) ቢታይ ይሻላል። ሳይታወቅ ከተቆረጠ የማሽኑ ክፍል ሞቆ ቲቢ በሚገድል ፀረ ተሕዋስ ይጸዳል፤ ማሽኑ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይቆማል። ብናኝ የሚያነሳው ማቀዝቀዣ ስፕሬይም ክልክል ይሁን።

አስተዳደር የሚከታተል አባል፦ እንዲህ ከሆነ ሁለት ሠንጠረዥ ይበቃናል። ለሕክምና፦ 20 ደቂቃ፣ በአንድ ሰው እስከ ሁለት ብሎክ፣ የድጋሚ ቆረጣ ቁጥርና ምክንያቱ። ለምርምር፦ በሰዓት 20።

ቴክኖሎጂስት (ፓቶሎጂ)፦ የድጋሚ ቆረጣው ምክንያት ላይ «የናሙናው ጠባይ» የሚል ሳጥን ይኑር። ያለሱ ስብ ሁሉ የኛ ጥፋት ሆኖ ይመዘገባል።

ሰብሳቢ፦ ይግባ። 12ቱ ተሰርዟል። የሕክምናውን ሠንጠረዥ የፓቶሎጂ ክፍል፣ የምርምሩን የምርምር ባልደረቦች እስከ ሐሙስ ላኩልኝ፤ የክረምቱን አንቀጽ እኔ እጽፋለሁ።