«የልብህን መሻት ይሰጥሃል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄውን ያነሳችው (ኮዬ ፈጬ)፦
ሰላም ጎረቤቶቼ። ማክሰኞ ማታ ጥናታችን ላይ መዝሙር 37፥4ን ይዘን ሳንግባባ መሸብን። «በእግዚአብሔር ደስ ይበልህ፥ የልብህንም መሻት ይሰጥሃል» ይላል። አንዳንዶቻችን «በእሱ ደስ ካለህ የተመኘኸውን ያደርግልሃል» አልን። ሌሎቻችን «ምኞትህን ራሱን ይለውጠዋል» አልን። እኔ ይለውጠዋል ባይ ነኝ።

ኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ ስቆጥብ ጸሎቴ ሁሉ ቤት ቤት ነበር። ዕጣ ወጥቶ ስሜ ከሌለ ሳምንት ሙሉ አልጸልይም። እግዚአብሔርን ሳይሆን ቁልፉን ነበር የምፈልገው። በኋላ ተከራይተን እዚህ ገባን። ውሃ ሲጠፋ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ስናመላልስ ከጎረቤቶቼ ጋር ተዋወቅን። ማታ ማታ አብረን መጸለይ ጀመርን። መዝሙረ ዳዊት ስናነብ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም። አንድ ቀን የዕጣ ወሬ ተነሳ። ልቤ እንደ ድሮው አልዘለለም። ቤት ዛሬም እፈልጋለሁ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን እሱ አይደለም።

ባለ ባጃጁ፦
እህቴ፣ አከብርሻለሁ። ግን ይሄ ነገር ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው ሲሰበክ ያመኛል። ከቱሉ ዲምቱ ኮዬ ስመላለስ የምሰማው የኪራይ ጉዳይ ነው። ትናንት አንዲት እናት ተሳፍራ አልቅሳለች። ኪራይ ተጨምሮባት ልጆቿን ይዛ የት እንደምትገባ ጨንቋታል። «መሻትሽን ለውጪ» ልበላት? መዝሙሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት እስቲ። ስለ ምድር ነው የሚያወራው። ቁጥር 11 ላይ የዋሆች ምድርን ይወርሳሉ ይላል። የጻፈው ክፉዎች ሲደላቸው ያየ ሽማግሌ ነው፤ ቁጥር 25 ላይ ማርጀቱን ራሱ ይናገራል። መጠለያ መመኘት በሽታ አይደለም።

የጥናቱ መሪ፦
ወንድማችን ያነሳው ከባድ ነገር ነው። እኔም ላግዘው። እዚህ ጋ በዕብራይስጡ ያለው ቃል «ሚሽአሎት» ነው። ልመናዎች ማለት ነው። ስለዚህ ጥቅሱን «አዲስ ምኞት ይተክልብሃል» ብሎ መተርጎም ይከብዳል። የለመንከውን ይሰጥሃል ነው የሚለው። ግን ትእዛዙ የቱ ጋ እንዳለ እዩ። ደስ ይበልህ የተባለው በእግዚአብሔር ነው፣ በሚሰጠው ነገር አይደለም። በእሱ ደስ የተሰኘ ሰው ልመናው እንደ ድሮው ሊቀር አይችልም።

የሦስተኛ ፎቁ ልጅ፦
ጋሼ፣ በእኛ በኦርቶዶክሶች ቁጥር ይህ መዝሙር 36 ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው። ደስታው ይቀድማል፣ ከዚያ ፍላጎት ይለወጣል የምትሉት ለእኔ ተገላቢጦሽ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ደስታ የለኝም፤ የማስበው ምግብ ነው። ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ግን ስግደቱ ራሱ ይጣፍጠኛል። ሰውነት መጀመሪያ እንቢ ማለትን ይማራል። ደስታው ይከተላል።

ጥያቄውን ያነሳችው፦
ወንድሜ፣ የጾሙን ነገር ተቀብያለሁ። እኔም በጀሪካኑ ጊዜ ደስታው ፈልጎ አላገኘኝም፤ ማታ ማታ ደክሞኝ እየሄድኩ ነው ያገኘሁት። ግን ማቴዎስ 13፥44ን ተመልከት። በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ ያገኘው ሰው ያለውን ሁሉ ሸጠ። ለምን ሸጠ? «ከደስታውም የተነሣ» ይላል። ማንም አላስገደደውም። የሸጠው ንብረት ስለጠላው አይደለም፤ የሚበልጥ ስላገኘ ነው።

ባለ ባጃጁ፣ ያንተ ነገር ሌሊቱን ሲያስጨንቀኝ አደረ። ለዚያች እናት እንደዚያ አይባልም። ፍላጎትሽን ለውጪ ሊባል የሚገባው ለእኔ ነው፣ ለእኛ ቆጥበን ለተቀመጥነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስቡ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮቿ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ወንጌልና የሰው ልማት አይነጣጠሉም፣ ሰው ነፍስም ሥጋም ነው የሚል ነው። እንጀራን አልናቁም ማለት ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተገኝቶላቸው እንቢ አሉ። በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ሚስትና ልጆች የነበሯቸው ሰው ናቸው። መኖር ጠልተው አይመስለኝም። ከመኖር የበለጠ የሚወዱት ነበራቸው። እኔ ተለወጠ የምለው ፍላጎት ይሄ ነው። ለራስ መዳን ከመጓጓት ወደ ሌላው የሚዞር።

ባለ ባጃጁ፦
በጥቅሱ ትርጉም አሁንም አልተስማማሁም። ከጋሼ ጋር ነኝ፣ የለመኑትን ይሰጣል። ግን የመጨረሻውን ነገር ተቀብያለሁ። ያቺ እናት ስልኳን ሰጥታኛለች። ማክሰኞ ይዣት ልምጣ?

ጥያቄውን ያነሳችው፦
ይዘሃት ና። ከልጆቿ ጋር። አንድ ክፍል ባዶ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረንበታል።