አውቶቡሱ ውጭ አገር ተገለበጠ፤ የሆስፒታሉን ሂሳብ ማን ይክፈል?

የአክስት ልጅ
ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴና ባለቤቷ ውጭ አገር ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው፣ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ሌሊት ላይ ተገለበጠ። እሷ ጭኗ ተሰብሮ ብረት ገባላት። እሱ ስድስት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛ። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ላይ ሲደርስ ሆስፒታሉ «ዋስ አምጡ» አለ። ቆንስላ ደወልን። ያነሳው ሰው ትሁት ነው፣ አይካድም። የሐኪሞችና የጠበቆች ስም ዝርዝር ላከልን። ገንዘብ ስንለው ግን «እሱን አንችልም» አለ። ቤተሰብ ተዋጥቶ ከፈለ።

አሁን የአውቶቡሱ መድን ድርጅት ካሳ እከፍላለሁ ይላል። መቼ እንደሆነ አይናገርም። የኔ አቋም አንድ ነው፦ እንዲህ ሲሆን መንግሥት ሕክምናውን ቀድሞ ይክፈል፣ ከዚያ ከመድን ድርጅቱ ያስመልስ። መንግሥት ጠበቃ አለው፣ ጊዜም አለው። እኛ ያለን አንድ ስልክና አንድ አክስት ነው። እስቲ ተከራከሩኝ።

ቆጣቢው
እግዜር ይማራቸው ወንድሜ። ግን አልስማማም። ኢንሹራንስ ሳይገዛ ለሄደ ሰው፣ ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ ግብር ከፋይ ለምን ይክፈል? አሜሪካ እንኳ ዜጋዋ ውጭ አገር ሆስፒታል ቢገባ ሂሳቡን አትከፍልለትም። ቢበዛ መመለሻ ታበድረዋለች። እንግሊዝም አትከፍልም። የ1963ቱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ቆንስላ ዜጎቹን «ይርዳ» ይላል፤ «ሂሳብ ይክፈል» አይልም።

የአክስት ልጅ
ያበድራል ካልክ እኮ ግማሽ መንገድ መጥተህልኛል። ጀርመንም በቆንስላ ሕጓ የተቸገረ ዜጋዋን ትረዳና በኋላ ታስመልሳለች። የኔና ያንተ ልዩነት ከማን ይመለስ የሚለው ላይ ነው። እኔ ካጠፋው ወገን ነው የምለው። አንተ ከታማሚዋ።

ነርሷ
የአደጋ ክፍል ነርስ ነኝ። ከውጭ አገር የመጡ ተጎጂዎችንም አክማለሁ። ስለ ገንዘቡ ስታወሩ የረሳችሁትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ችግር የለም፤ ማንም ሕይወት ለማዳን ደረሰኝ አይጠይቅም። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ግን ከሂሳብ ክፍል አንድ ሰው ፋይል ይዞ ይመጣል። ፋይሉ ውስጥ ጓንት ሳይቀር ተቆጥሯል። ያኔ ነው ቤተሰብ የሚደናገጠው። የሚደናገጥ ሰው ደግሞ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ታማሚውን ቶሎ ያስወጣል።

አንድ አባት ትዝ ይለኛል፤ ጉልበቱ ነው የተጎዳው። አጥንቱ ጥሩ ተገጥሞ ነበር። የቀረው ፊዚዮቴራፒ ነው፣ ሳምንታት የሚፈጅ። ሂሳቡ አስፈርቷቸው ቤተሰቦቹ በዊልቸር ይዘውት ወጡ። ቆይቶ ሲመጣ ጉልበቱ ደርቋል፣ አይታጠፍም። የመድን ድርጅቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሕክምናውን ያቋረጥከው ራስህ ነህ፤ ለባሰው ጉዳት አልጠየቅም።» ስለዚህ ሕክምናና ካሳ ሁለት ጉዳይ አይደሉም። ሕክምናውን የሚከፍል ሲጠፋ ካሳውም አብሮ ይቀንሳል።

ሌላም አለ። የዚያው ሰውዬ ልጅ፣ ደም የነካውን ሸሚዝ ሲጥል ኪሱ ውስጥ ያለውን የአውቶቡስ ትኬትም አብሮ ጣለው። ተሳፋሪ እንደነበረ የሚያሳየው ወረቀት እሱ ነበር። ራጁን፣ የመውጫ ማጠቃለያውን፣ ደረሰኙን ሁሉ ያዙ። እባካችሁ።

ቆጣቢው
እህቴ ያልሽው ገብቶኛል። ግን እሱ የሆስፒታሉና የመድን ድርጅቱ ጥፋት ነው እንጂ የግብር ከፋዩ አይደለም።

የሕግ ሰው
«መንግሥት ከፍሎ ያስመልስ» የሚለው ሕልም አይደለም። በሕግ «መዳረግ» ይባላል። የከፈለው በተጎጂው ቦታ ተተክቶ አጥፊውን ይጠይቃል፤ መድን ድርጅቶች በየቀኑ ያደርጉታል። ጥያቄው የሚያስመልሰው ነገር አለ ወይ ነው።

የካሳ ጉዳይ ባብዛኛው የሚዳኘው አደጋው በደረሰበት አገር ሕግ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አንድ አገር ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ሞት ወይም የአካል ጉዳት የካሳ ጣሪያ ቢያስቀምጥ፣ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ጣሪያው ለአንድ ሰው ከ220,000 ዩሮ ማነስ አይችልም። አጓጓዡም ወዲያው ለሚያስፈልገው ነገር፣ ለመጀመሪያ እርዳታ፣ ለምግብና ለማደሪያ፣ መድረስ አለበት። ሌላ ቦታ ይህ ላይኖር ይችላል። ኒውዚላንድ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አጥፊ ማን ነው ሳይባል፣ እንግዳም ቢሆን፣ አደጋ የደረሰበትን ያሳክማሉ። በምትኩ ለአካል ጉዳት ካሳ ፍርድ ቤት መሄድ የለም። እዚያ መንግሥትህ ቢከፍልም የሚያስመልስበት ሰው አያገኝም።

ቤት የቀሩ ዘመዶችም ይህን ይስሙ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እንደወሰነው፣ ዘመዱ በአደጋ የሞተበት ሰው ሌላ አገር ቢኖርም፣ ለራሱ ሐዘንና ጉዳት የሚጠይቀው ካሳ የሚታየው አደጋው በደረሰበት አገር ሕግ ነው። ይርጋውም፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ የዚያው አገር ነው። ቤትህ ሆነህ ስታለቅስ ጊዜው እዚያ ይቆጥራል።

ሾፌር ነበርኩ
ልጆች፣ ድንበር ተሻጋሪ አውቶቡስ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ። ኮሜሳ በሚባለው የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ አገሮች ውስጥ ቢጫ ካርድ የሚባል አለ። መኪናው ድንበር ሲያልፍ የሦስተኛ ወገን መድኑን ተቀባዩ አገር እንዲያውቀው ያደርጋል፤ የሹፌሩንና የተሳፋሪውን ሕክምናም ይሸፍናል። በሃያ ዓመት «ካርዱ አለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ተሳፋሪ አንድም የለም። ኤሲ አለው ወይ ብለው ግን ሁሉም ጠይቀውኛል።

የአክስት ልጅ
ጋሼ እውነትዎን ነው። አክስቴም አልጠየቀችም።

ፈርሜ የተቆጨሁ
እኔ ስለ መንግሥት ብዙ አላውቅም። የኔን ልንገራችሁ። ወንድሜ አልጋ ላይ እያለ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አበባ ይዞ መጣ። ከመድን ድርጅቱ ነው። ያቀረበው ገንዘብ የሆስፒታሉን ሂሳብ ልክ ይሸፍናል። እንዴት ደስ እንዳለን! ወረቀቱ በማናውቀው ቋንቋ ነው፤ እሱ ራሱ «ደረሰኝ ነው» ብሎ ተረጎመልን። ፈረምን። ከአራት ወር በኋላ ብረቱ የገባበት ቦታ አመርቅዞ ሌላ ቀዶ ሕክምና መጣ። ደውለን ስንጠይቅ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም ብላችሁ ፈርማችኋል» ተባልን። ያን ቀን ሂሳቡን የሚከፍል ሌላ ማንም ቢኖር ኖሮ አንፈርምም ነበር።

ቆጣቢው
እሺ፣ ይሄኛው ከብዶኛል። ግን መፍትሔው ፊሊፒንስ ያደረገችው ዓይነት ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሕግ ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ መድን እንዲገዛለት ይገደዳል። ሠራተኛው ሰባት ተከታታይ ቀን ሆስፒታል ከተኛ፣ አንድ የቤተሰብ አባል ሄዶ እንዲጠይቀው የመጓጓዣ ወጪውን መድኑ ይሸፍናል። መንግሥት አይክፈል። ያስገድድ።

የአክስት ልጅ
ጥሩ ሕግ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ለኤጀንሲ ሠራተኛ ነው። አክስቴ የሄደችው ልጇን ልትጠይቅ ነው፤ ማን ነው ለሷ የሚገደደው?

አንድ ነገር ልጨምር። በመጋቢት 2012 (እ.ኤ.አ.) ስዊዘርላንድ ሲዬር አጠገብ፣ የቤልጂየም ተማሪዎችን የያዘ አውቶቡስ ዋሻ ውስጥ ተጋጭቶ 28 ሰው ሞተ፤ 22ቱ ልጆች ናቸው። ቤልጂየም ወዲያው አውሮፕላን አዘጋጅታ ወላጆችን አደረሰች። ኢንሹራንስ አላችሁ ወይ ያላቸው የለም። ትክክል ነው ያደረጉት። ግን ሁለት ሰው ሌሊት ሲገለበጥስ? ስንት ሰው ሲሆን ነው መንግሥት የሚነሳው?

ቆጣቢው
እነሱ እኮ ሕፃናት ነበሩ። አታነጻጽር።

የአክስት ልጅ
የአክስቴ ባል 71 ዓመቱ ነው። እሱም ብቻውን አይነሳም።

ነርሷ
ወንድሜ፣ ክርክሩን ተወውና፣ የመድን ድርጅቱ ፈርሙ የሚል ወረቀት ልኮላቸዋል?

የአክስት ልጅ
ትናንት ደረሳቸው። ሦስት ገጽ ነው። አክስቴ ፎቶውን ልካልኛለች፣ ግማሹ ብዥ ብሏል።

ፈርሜ የተቆጨሁ
እንዳይፈርሙ!

የሕግ ሰው
ሕክምናው ሳያልቅና ሐኪም የጉዳቱን መጠን በፐርሰንት ሳይጽፍ አይፈረምም። እስከዚያው ቅድሚያ ክፍያ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ይሰጣል። የይርጋውን ቀን ደግሞ እዚያው ካለ ጠበቃ ጠይቅ።

የአክስት ልጅ
ጠይቄያለሁ። ቆንስላው በላከልን ዝርዝር የመጀመሪያው ላይ ደወልኩ። መልሱን የሚሰጠው መጀመሪያ ሲከፈለው ነው።

ቆጣቢው
ጠበቃው ስንት ጠየቀህ? በውስጥ መስመር ላክልኝ።