የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የነፃ ተቋም ኮሚሽነርን ማባረር ይችላል ወይ?

ከዚራ_02 (ድሬዳዋ)
ሰላም ለቤቱ። ለምስለ ችሎት ውድድር የወጣው ጉዳይ የአሜሪካ ነው። ፕሬዝዳንቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን (የገበያ ውድድርንና ሸማቾችን የሚጠብቅ ተቋም) አባልንና የፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ገዢን ከሥልጣን ሲያነሳ ፍርድ ቤት እስከ የት ድረስ ይገባል? ሰፈር ውስጥ በርጫ ላይ ያነሳኸው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ "የሾመ ይሽራል"። ግን እንዲህ ከሆነ ለሪዘርቭ ገዢ የ14 ዓመት የሥራ ዘመን በሕግ መጻፉ ለምን አስፈለገ? ደግሞስ ሁለቱ ተቋማት የሚለያዩት በምንድን ነው? ከኛ ሕገ መንግሥት ጋር ማነፃፀርስ ያዋጣል?

ጀጎል_በር (ሐረር)
አቦ "የሾመ ይሽራል"ን አትናቃት፤ የመንግሥት ጠበቆች ክርክር ተጨምቆ ሲወጣ እሷው ናት። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዝዳንቱ በሴኔት ይሁንታ ይሾማል ይላል። ስለ መሻር ግን በምክር ቤት ከሚደረግ ክስ ውጭ የጻፈው የለም። ክርክሩ ሁሉ የበቀለው ከዚህ ዝምታ ነው።

ሁለት ውሳኔዎችን ጎን ለጎን አንብብ (ዓመታቱ በፈረንጅ ናቸው)። የመጀመሪያው የ1926ቱ የማየርስ ጉዳይ ነው። ሰውየው የፖርትላንድ፣ ኦሪገን የፖስታ ቤት ኃላፊ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንቱ ያለ ሴኔት ፈቃድ ሊያነሳው ይችላል አለ። ውሳኔውን የጻፈው ታፍት ራሱ የቀድሞ ፕሬዝዳንት መሆኑን ልብ በል። ሁለተኛው የ1935ቱ የሃምፍሪ ጉዳይ ነው፤ ሰውየው የንግድ ኮሚሽኑ አባል ነበር። ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ሲያነሳው የጻፈለት ደብዳቤ፣ በኮሚሽኑ ፖሊሲም ሆነ አሠራር የአንተና የእኔ ሐሳብ አይሄድም የሚል ነበር። ሕጉ ግን ለመሻር የሚያበቁትን ሦስት ምክንያቶች ቆጥሮ አስቀምጧል፦ የብቃት ማነስ፣ ግዴታን ችላ ማለት፣ በሥልጣን ላይ የተፈጸመ ጥፋት። የሐሳብ አለመስማማት እዚያ ውስጥ የለም። ዳኞቹ ዘጠኙም በአንድ ድምፅ ፕሬዝዳንቱን ረቱት። ምክንያታቸውም ኮሚሽኑ የሕግ አውጪነትና የዳኝነት ጠባይ ያለው ሥራ እንጂ ንጹሕ የአስፈፃሚነት ሥራ አይሠራም የሚል ነው።

ተወዳዳሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሃምፍሪ ወደ ወንበሩ አልተመለሰም። በ1934 ሞቶ ነበር፤ የከሰሰው የኑዛዜው አስፈፃሚ ነው፣ የጠየቀውም ያልተከፈለ ደመወዝ። "ፍርድ ቤቱ ኮሚሽነሩን መለሰው" ብለህ ከጻፍክ ተቃራኒ ቡድን በመጀመሪያው ደቂቃ ይይዝሃል።

ሰቢያን_ሕግ (ድሬዳዋ)
ጀጎል የተወውን ልቀጥል። የሃምፍሪ ውሳኔ በአንድ ቀን አልተሸረሸረም። በ2020 በሴላ ሎው ጉዳይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮን ብቻውን የሚመራ ዳይሬክተር ያለ ምክንያት አይሻርም የሚለውን ሕግ ጣለው። ሃምፍሪን ግን አልሻረም፤ አጠበበው እንጂ። የ1935ቱን ኮሚሽን ብዙ አባላት ያሉት፣ በፓርቲ ስብጥር የተመጣጠነ፣ የአስፈፃሚነት ሥልጣን የሌለው አድርጎ ገለጸው። የዛሬው ኮሚሽን ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ የገንዘብ ቅጣት ያስጥላል። የመንግሥት ወገን ተቃራኒውን የሚያጠቃው በዚህ ነው።

አሁን የወጣላችሁ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እንዳሉት አትዘንጉ። በስላውተር ጉዳይ (ንግድ ኮሚሽን፣ መጋቢት 2025) ፕሬዝዳንቱ ምንም ጥፋት አልጠቀሰም። ስለዚህ ጥያቄው "ምክንያት የሚጠይቀው ሕግ ራሱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይስማማል ወይ?" ነው። በኩክ ጉዳይ (ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ነሐሴ 2025) ግን ምክንያት ተጠቅሷል፤ ገዢ ከመሆኗ በፊት በቤት ብድር ሰነድ ላይ ትክክል ያልሆነ ነገር ሞልታለች የሚል ነው። እሷ ጥፋት የለብኝም ትላለች። እዚህ ጥያቄው "ይህ 'በቂ ምክንያት' ይባላል ወይ? ሳትሰማስ መሻር ይቻላል?" ነው። የሥር ፍርድ ቤቷ ዳኛ ምክንያቱ በሥልጣን ላይ እያሉ ከተሠራ ሥራ መሆን አለበት ብላ ስንብቱን አገደችው። ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ነጥብ ልትከራከሩ ከሞከራችሁ አለቀላችሁ።

ከዚራ_02
ይመቻችሁ። አንዱን ግን ግልጽ አድርጉልኝ፦ ጉዳዩ እስኪወሰን ሰውየው የት ነው የሚቀመጠው?

ሰቢያን_ሕግ
ከዋናው ክርክር ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይሄ ነው። የአሜሪካን ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ተመልከት። መቀመጫው 5፣ ምልዓተ ጉባኤው 3 ነው። በጥር 2025 ፕሬዝዳንቱ የቦርዱን አባል ዊልኮክስን ሲያነሳ የቀሩት 2 ብቻ ነበሩ፤ ቦርዱ ውሳኔ መስጠት አልቻለም። የሥር ፍርድ ቤት መለሳት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 2025 የመመለሻ ትእዛዙን አገደ። በዚያው አጭር ትእዛዝ ግን ፌዴራል ሪዘርቭ የተለየ አወቃቀር ያለው፣ ከፊል የግል የሚመስል፣ ከጥንቶቹ የአሜሪካ አንደኛና ሁለተኛ ባንኮች ታሪክ የሚወርድ ተቋም ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ጣል አደረገ። ኩክ ክርክሩ እስኪሰማ ሥራዋ ላይ ስትቆይ ሌሎቹ ቤታቸው ነበሩ። ለእኔ ያ ዓረፍተ ነገር ከሕግ ትንታኔ ይልቅ ገበያ እንዳይደነግጥ የተቀመጠ ይመስላል፤ እናንተ ግን መድረክ ላይ እንዲህ አትበሉት።

ጀጎል_በር
ማነፃፀሩን በተመለከተ፣ መጠንቀቅ ነው። የኛ ፕሬዝዳንት ርእሰ ብሔር እንጂ አስፈፃሚ አይደለም፤ የምታነፃፅረው ከአንቀጽ 74 ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ነው። ከአሜሪካ ኮሚሽነር ጋር የሚቀራረብ ጥሩ ምሳሌ አንቀጽ 79(4) ነው። ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት የሚነሳው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ በዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ በሆነ የብቃት ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ወስኖ የሕዝብ ተወካዮች ወይም የሚመለከተው የክልል ምክር ቤት ሲያጸድቀው ነው። ልዩነቱን ተመልከት፦ የኛው ዋስትና ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፏል፤ የአሜሪካው ኮሚሽነር ዋስትና ተራ ሕግ ውስጥ ስለሆነ ፍርድ ቤት ሊጥለው ይችላል። ሌላው፣ እኛ ጋ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው (አንቀጽ 83)። ስለዚህ "ፍርድ ቤታችን እንዲህ ቢል" የሚል መላ ምት አታቅርብ፣ ዳኛው አንቀጹን ያነብልሃል።

ለቃል ክርክሩ ደግሞ አንድ ጥያቄ አዘጋጅታችሁ ግቡ፦ "ንግድ ኮሚሽኑ ከወደቀ ፌዴራል ሪዘርቭን በምን ታተርፋላችሁ?" በታኅሣሥ 2025ቱ የስላውተር ክርክር የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ካቫናም የፌዴራል ሪዘርቭ ነፃነት እንዳይነካ ስጋቱን አንስቷል። በመንግሥት ወገን ከወጣችሁ የባንኮቹን ታሪክ አጥኑ። በተቃራኒው ከወጣችሁ ታሪኩን አትንኩት፣ ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የመሻሪያ ሐረጋቸውን አንብቡ። የፌዴራል ሪዘርቭ ሕግ "በበቂ ምክንያት" ብቻ ይላል፣ ምን እንደሆነ አይዘረዝርም። የንግድ ኮሚሽኑ ግን ሦስቱን ቆጥሮ አስቀምጧል። እንግዲህ ዝርዝር ያለው ወድቆ ዝርዝር የሌለው የሚተርፍበትን ምክንያት ያስረዳ በሏቸው።