የቧንቧ ውሃ ሰፈር የውሃ ፕሮፖዛል፦ ተራ ቁጥር 3 ይግባ ወይስ ይውጣ?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለደሴ ከተማ የምናስገባው ረቂቅ ሦስት ጥያቄ ይዟል፤ ተጨማሪ ጉድጓድ፣ ትልቅ ማጠራቀሚያና፣ በተራ ቁጥር 3፣ ጨው የሚያስቀር የሪቨርስ ኦስሞሲስ (አርኦ) ማጣሪያ። እስከ እሁድ አስተያየት ስጡበት። የሰፈራችን ስም «ቧንቧ ውሃ» ሆኖ ጄሪካን ይዘን መሰለፋችንን መግቢያው ላይ ልጻፈው?

ባለሱቋ፦ ጻፈው እንጂ፣ ምን ያሳፍራል! ማጣሪያው ደግሞ የግድ ነው። ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ኖራ የተለሰነ መስሏል፤ በቢላ ነው የምፍቀው።

የፓምፕ ቤት ጡረተኛ፦ እትዬ፣ እሱ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ዕቃ ያበላሻል፣ ሳሙና ይጨርሳል እንጂ ለጤና አያሰጋም። አርኦ የሟሟ ጨው ለማስቀረት ነው፤ ውሃውን በከፍተኛ ግፊት በሜምብሬን፣ ማለት በጣም ረቂቅ በሆነ የማጣሪያ ሽፋን፣ ያሳልፈዋል። የክረምቱን ድፍርስ ግን ቀጥታ ብትለቁበት ሜምብሬኑ ይደፈናል። ለድፍርስማ ማዝቀጫ፣ የአሸዋ ማጣሪያና ክሎሪን ይበቃል። ደግሞም 100 ሜትር ኩብ ቢገባ የሚጠጣው 75 አካባቢ ነው፤ ሌላው ጨው ተሸክሞ ይወጣል። የት ልትደፉት ነው? ቦርከና ወንዝ ላይ?

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ጅቡቲ የባህር ውሃ በዚሁ አይደል የምታጣራው?

ጡረተኛው፦ እነሱ አጠገባቸው ያለው ባህር ነው፣ ምን ያድርጉ! የእኛ ጣጣ ዳገቱ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት፣ ፓምፑ ደህና ከሆነ፣ 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት ይበላል። ከሸለቆ አውጥታችሁ ለደሴ ስታመጡት እጥፍ ድርብ ይሆናል። በዚያ ዋጋ የወጣ ውሃ ሩቡን ወንዝ ውስጥ ልትደፉት?

ባለሱቋ፦ ታዲያ ሱቄ ፊት የፈነዳውስ መስመር? ሦስት ሳምንቱ፤ ልጆች ጫማ ያጥቡበታል።

ወጣቱ፦ ከጉድጓዱ በፊት ይሄ ይቅደም! የሚያፈስ መስመር ፍተሻና ጥገና ተራ ቁጥር 1 ይሁን።

ጸሐፊ፦ ይሁን፣ ጉድጓድና ማጠራቀሚያው አንድ ላይ 2 ይሆናሉ። ተራ ቁጥር 3ን እንዲህ ጻፍኩት፦ «ከነባሮቹና ከሚቆፈሩት ጉድጓዶች በበጋም በክረምትም ናሙና ተወስዶ ይመርመር። ፍሎራይዱ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ማዕድን) በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ካለፈ ወይም ጨዋማነቱ ከመጠን በላይ ከሆነ ብቻ፣ ለዚያው ጉድጓድ አነስተኛ አርኦ ይተከል፤ የሚወጣው ጨዋማ ውሃ የት እንደሚወገድም አብሮ ይጠና።»

ጡረተኛው፦ አሁን ሰው የሚሰማው ነገር ሆነ። የሜምብሬን መለወጫ በጀትም ጨምርበት፤ ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ነው ሁሉም የሚረሳው።

ባለሱቋ፦ ተስማምቻለሁ። ማንቆርቆሪያዬስ?

ጡረተኛው፦ አብሽሩ እትዬ፣ አቼቶ ጨምረው ያፍሉበትና ይደር።