አስቸኳይ፦ ቤዝመንት ውሃ ገብቶ የባስኬት ካርዶቼ ተጣበቁ

የጫማ ካርቶን (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የውሃ ማሞቂያው አፍስሶ ከልጅነት ጀምሮ የተጠራቀሙት የባስኬት ተጫዋቾች ፎቶ ካርዶች ያሉበት ካርቶን ከሥሩ ረጥቧል። ሦስት መቶ ገደማ ይሆናሉ። ግማሹ ተጣብቆ ጡብ ሆኗል። አንዱን በጥፍሬ ላላቅቅ ስሞክር የሻኪል ፊት ተልጦ ላዩ ያለው ካርድ ጀርባ ላይ ቀረ። ጆርዳንም ውስጥ አለ!! በፀጉር ማድረቂያ ላሙቃቸው?

ዳንክ በጾም፦
እንጀራውን ሳይበስል ከምጣድ አወጣኸው። ለሻኪል ነፍስ ይማር።

ሚሚ ሦስት ነጥብ፦
ፍሪዘር ውስጥ ክተታቸው።

ጋሼ ባንክሹት፦
ልጆች፣ መጀመሪያ ካርድ ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1986–87 የፍሊር ኩባንያ ሙሉ ስብስብ 132 ካርድ ነው፤ በአንድ ጥቅል 12 ካርድ፣ አንድ ተለጣፊና አንድ ማስቲካ ይወጣ ነበር። የዚያ ዘመን ካርድ ካርቶን ነው፣ እንደ ኋለኞቹ መስታወት የሚያስመስል ቅብ የለውም። ውሃ ሲነካው ያብጣል እንጂ እንደዚህ አይጣበቅም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን ኩባንያዎቹ በማንጸባረቅ ፉክክር ገቡ። የቶፕስ ኩባንያን ስታዲየም ክለብ ካርድ ያየ ያውቃል፤ ፊቱም ጀርባውም የተቀባ ነው። ሁለት ቅብ ፊት ለፊት ገጥመው፣ ላያቸው ላይ ክብደት ሲኖር፣ እርጥበት ሲጨመር ቅቡ ይለሰልስና እርስ በርሱ ይያያዛል። ውሃ እንኳ ባይነካው ሙቅና እርጥብ ክፍል ውስጥ በዓመታት ይጣበቃል። ቶፕስ ራሱ ከ1982 እስከ 1992 ባስኬት ትቶ ነበር፣ ሲመለስ…

ዳንክ በጾም፦
ጋሼ ቤቱ ውሃ ላይ ነው፣ ታሪኩን ሲደርቅ ይንገሩን።

ነጋዴው፦
ምን ያስጨንቅሃል? የ1990–91 ሁፕስ ካርድ ከሆነ ጣለው። ያኔ እንደ ጋዜጣ ነው የታተመው፣ ዛሬም ያልተከፈተ ሳጥኑ እንደ ልብ ይገኛል። ካለህ የማርክ ጃክሰንን ቁጥር 205 ብቻ ፈልግ፤ ከኋላው መቀመጫ ላይ ወላጆቻቸውን የገደሉት የመኔንዴዝ ወንድማማቾች ስለሚታዩ ሰው ይጠይቀዋል።

የጫማ ካርቶን፦
ስለ ዋጋ አልጠየቅኩም ወንድሜ።

ወረቀት ሐኪም፦
ዋናውን ነገር አልነገርከንም። አሁን እርጥብ ናቸው ወይስ ደርቀዋል? መልሱ ሙሉ በሙሉ ይለያያል። እስክትመልስ ድረስ የፀጉር ማድረቂያውን አስቀምጠው። ሙቀት ቅቡን የበለጠ ያለሰልሰዋል፣ ወረቀቱ ደግሞ ባንድ ወገን ቀድሞ ስለሚደርቅ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል።

የጫማ ካርቶን፦
የታችኞቹ እርጥብ ናቸው። የላይኞቹ ቀድሞም ደረቅ ሆነው ተጣብቀዋል። አብዛኛው 92–93 ስታዲየም ክለብ ነው። የተላጠው ቁጥር 247 ነው፣ የሻኪል ሩኪ (የመጀመሪያ ዓመት ካርዱ) 😭

ሚሚ ሦስት ነጥብ፦
ፍሪዘር አልኩ እኮ።

ወረቀት ሐኪም፦
ሚሚ ልክ ናት፣ ግን ለየትኛው እንደሆነ ይለይ።

እርጥቡን ክምር እንዲደርቅ አትተወው። ቅብ ያለው ወረቀት እንደተጣበቀ ከደረቀ በኋላ አይመለስም፤ ማዳን የሚቻለው ገና እርጥብ ሳለ ነው። ክምሩን እንዳለ፣ ሳትከፍል፣ ቀዝቃዛ ዲስቲልድ ዋተር ያለበት ዝርግ ትሪ ውስጥ አስተኛው፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው ሲደርቅ ነጭ ምልክት ሊተው ይችላል። ከዚያ ውሃው ውስጥ እያለ የፔኒ ስሊቭ (ካርድ የሚከተትበት ስስ ፕላስቲክ) ጥግ ቆርጠህ በማዕዘኑ በኩል በቀስታ አስገባ። ፕላስቲኩ ራሱ ከሄደ ሄደ፤ ከተያዘ ተመለስና ሌላ አሥር ደቂቃ ጠብቅ። በጥፍር በፍጹም! የወጣውን ከሥሩ በመዳፍህ ደግፈህ ነው የምታነሳው፣ የራሰ ካርድ በጥግ ከተያዘ ይታጠፋል።

የወጡትን ለየብቻ ግማሽ ሰዓት አየር ላይ አቆያቸው። ቀጥሎ ከላይም ከታችም የመጋገሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ምስል የሌለው ነጭ ሶፍት፣ ላዩ ላይ ከባድ መጽሐፍ። የመጋገሪያ ወረቀቱ ሲሊኮን የተቀባው ይሁን፣ ሰም ያለው ራሱ ይለጠፋል። ሶፍቱን በመጀመሪያው ቀን በየሁለት ሰዓቱ ቀይር፣ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እስከ ሳምንት ድረስ። ዛሬ ሁሉንም የማትጨርስ ከሆነ የቀረውን ላስቲክ ውስጥ አሽገህ ፍሪዘር አስገባ፤ ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል።

የደረቁትን ጡቦች ግን ውሃ አታስነካ። ዚፕ ባለው ላስቲክ አየሩን አስወጥተህ ዝጋና ፍሪዘር ውስጥ ሦስት ሰዓት አቆይ። ስታወጣ ላስቲኩን አትክፈት፣ አለበለዚያ የክፍሉ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ካርዱ ላይ ያርፋል። በላስቲኩ ላይ ሁለቱን ጫፍ ይዘህ በጣም በትንሹ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ጠምዝዝ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማህ እየለቀቀ ነው። ቅቡ በቅዝቃዜ ስለሚጠጥር ከመላጥ ይልቅ መሰበር ይቀናዋል። ድምፅ ከሌለ መልሰህ አስገባ። መጀመሪያ ግን በማትፈልገው ጡብ ሞክር፣ ጥቂት መበላሸቱ አይቀርም።

ዳንክ በጾም፦
ከክትፎ ሥጋው አርቀህ አስቀምጥ፣ በኋላ ስታዲየም ክለብ በሚጥሚጣ እንዳትበላ።

ነጋዴው፦
ጆርዳኑ የቱ ነው? 57 እንዳትለኝ ብቻ።

የጫማ ካርቶን፦
57 ነው። የ86ቱ ፍሊር፣ የጆርዳን ሩኪ። ለብቻው ፕላስቲክ ውስጥ ስለነበር ጫፉ ብቻ ነው የረጠበው።

ነጋዴው፦
ከማድረቅህ በፊት በማጉያ መነጽር እየው። የስሙ ፊደላት በእውነተኛው ላይ ድፍን ቀለም ናቸው፤ ከነጠብጣብ የተሠሩ ከሆነ ፎርጂድ ነው። እንደሱ በብዛት የተኮረጀ የባስኬት ካርድ የለም።

ጋሼ ባንክሹት፦
እውነተኛም ቢሆን ውሃ የነካው ጥግ ያብጣል፣ ሲጫኑት አይስተካከልም። ብትሸጠው ለገዢው መናገር አለብህ።

ሚሚ ሦስት ነጥብ፦
ካርቶኑንም ጣለው፣ ላስቲክ ማሰሪያውንም። ጎማው ሲያረጅ ይቀልጥና ጠርዙ ላይ ይቀራል፣ ሳይቀልጥም ጎኑን ይጎደጉዳል።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ ርዕስ ልቀይር። የማሸጊያ ወረቀቱ ሰም ፊቱ ላይ የታተመበት ካርድ አለኝ፣ ይጠፋል?

ወረቀት ሐኪም፦
ፊቱ ላይ ከሆነ በንጹሕ የናይለን ስቶኪንግ በቀስታ ክብ ክብ እያደረግክ ጥረገው፣ ይለቃል። ጀርባው ላይ ከሆነ ወረቀቱ ጠጥቶታል፣ ተወው።

ወረቀት ሐኪም፦
የጫማ ካርቶን፣ ትሪው ላይ ስንተኛው ደረስክ?