ቫርና በልደት ወይስ በግብር? ስለ ሂንዱ ክህነት የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
ለዛሬ የቀረበው ጥያቄ በሕንድ ፍርድ ቤቶችና ቤተ መቅደሶች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው። የታሚል ናዱ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ሕግ «አርቻካ» የሚባለው የቤተ መቅደስ ካህን ሹመት ከአባት ወደ ልጅ በውርስ መተላለፉን አስቀረ፤ በ2021 ደግሞ በመንግሥት በሚተዳደሩ ቤተ መቅደሶች ብራህሚን (ከካህናት ወገን) ያልሆኑ ሠልጣኞችን ሾመ። በኬረላ የትራቫንኮር ቤተ መቅደሶች አስተዳደር ቦርድ በ2017 ብራህሚን ያልሆኑ 36 ካህናትን ሲቀበል ስድስቱ ዳሊቶች፣ ማለትም ቀድሞ «የማይነኩ» ይባሉ ከነበሩት ወገን፣ ነበሩ። የሹመቱ ደጋፊዎችም ተቃዋሚዎችም የሚጠቅሱት እነዚያኑ የሳንስክሪት መጻሕፍት ነው። እንግዲህ መጻሕፍቱ አራቱን ቫርናዎች (የማኅበረሰብ ማዕረጎች)፣ ማለትም ብራህሚንን (ካህናት)፣ ክሻትሪያን (ገዢዎችና ተዋጊዎች)፣ ቫይሽያን (ነጋዴዎችና ገበሬዎች) እና ሹድራን (አገልጋዮች)፣ በልደት የሚወረሱ አድርገው ያስተምራሉ ወይስ በጠባይና በግብር የሚገኙ? ተከራካሪዎች ጥቅሳቸውን ከነቦታው እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን።

ዮናስ፦
በልደት የሚወረሰው ማዕረግ ልማድ ያመጣው እንጂ መጻሕፍቱ ያስተማሩት አይደለም ብዬ አምናለሁ። ጊታ በሚባለው ቅዱስ መጽሐፍ፣ በባጋቫድ ጊታ 4፥13፣ አምላኩ ክሪሽና አራቱን ቫርናዎች በጉናና በካርማ ከፍሎ የፈጠረው እርሱ መሆኑን ይናገራል። ጉና የተፈጥሮ ጠባይ፣ ካርማ ግብር ነው፤ ስለ ልደት የተነገረ አንድም ቃል በጥቅሱ ውስጥ የለም። ሰው ማንን እንደሚያገባና ከማን ጋር ማዕድ እንደሚቆርስ ሲወስኑ የኖሩት በሺህ የሚቆጠሩት ጃቲዎች፣ ማለትም ሰው የሚወለድባቸው ወገኖች፣ ናቸው፤ እነርሱን ከአራቱ ቫርናዎች ጋር ማምታታት አይገባም። ቬዳዎች ከሚባሉት የጥንት ቅዱሳት መጻሕፍት በአንዱ፣ በሪግ ቬዳም፣ አራቱ በአንድነት የተጠሩት በአንድ መዝሙር ብቻ፣ በ10፥90 ነው፤ መዝሙሩም ሊቃውንት ዘግይቶ እንደተጠናቀረ በሚናገሩለት በዐሥረኛው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ማሃባራታ በተባለው ታላቅ የጀግኖች ትረካ የተጻፈው ነው። በእርግማን ዘንዶ የሆነው ንጉሥ ናሁሻ ጀግናውን ቢማን ተጠምጥሞ ይዞ ሳለ የቢማን ወንድም ዩዲሽቲራን «ብራህሚን ማን ነው?» ሲል ይጠይቀዋል። ዩዲሽቲራም እውነት፣ ልግስና፣ ትዕግሥትና ርኅራኄ የሚታዩበት ሰው ነው ብሎ ይመልሳል። ዘንዶው «እነዚህ በሹድራም ይገኛሉ» ሲለው፣ በሹድራ ተገኝተው በብራህሚን ከታጡ ያ ሹድራ ሹድራ፣ ያ ብራህሚንም ብራህሚን እንዳልሆነ ይነግረዋል። ዳያናንዳ ሳራስዋቲ በ1875 አርያ ሳማጅ የተባለውን የተሐድሶ ማኅበር ሲመሠርት ቫርና የሚገኘው በምግባር ነው ያለው ከዚህ የቆየ ምንጭ ቀድቶ ነው።

ሂሩት፦
ወንድሜ ዮናስ፣ የዩዲሽቲራን ቃል እኔም እወደዋለሁ። በጊታ 4፥13 ላይ የገነባኸው ሙግት ግን የሚጸና አይመስለኝም። ጉናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሳትቫ የብርሃንና የንጽሕና፣ ራጃስ የምኞትና የእንቅስቃሴ፣ ታማስ የጨለማና የድንዛዜ ባሕርይ ነው። ጊታ በ18፥41 የአራቱ ቫርናዎች ሥራ የተከፋፈለው ከየራሳቸው ባሕርይ በሚመነጩ ጉናዎች መሆኑን ይናገራል። ባሕርዩስ ከየት መጣ ብንል፣ ዳግም ልደትን የሚያምን አንባቢ ካለፈው ሕይወት ግብር ነው ይለናል። ከቬዳዎቹ ጋር የሚቆጠረው የትምህርት መጽሐፍ ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ በ5፥10፥7 ምግባራቸው ያማረ ሰዎች ወደ ብራህሚን፣ ወደ ክሻትሪያ ወይም ወደ ቫይሽያ ማሕፀን እንደሚገቡ፣ ምግባራቸው የከፋ ደግሞ ወደ ውሻ፣ ወደ እሪያ ወይም ወደ ቻንዳላ (ከሁሉ ዝቅ ተደርጎ ይቆጠር ወደ ነበረ ወገን) ማሕፀን እንደሚገቡ ሳይሸሽግ ይናገራል። ስለዚህ ለቀደሙት ተርጓሚዎች «በጉናና በካርማ» ማለትና «በልደት» ማለት አልተቃረኑም፤ ልደቱ ራሱ የካርማ ፍሬ ነበርና። የቫርናን መደባለቅ የፈራው በጊታ ክሪሽና የሚያስተምረው ተዋጊ አርጁና ብቻ እንዳይመስለንም ክሪሽና በ3፥24 እርሱ ሥራውን ቢተው የዚያ መደባለቅ ምክንያት እንደሚሆን ይናገራል።

የክርክሩ ቁልፍ ያለው «አዲካራ» በተባለው ጽንሰ ሐሳብ ውስጥ ነው፤ ቬዳን ለመማርና ሥርዓቱን ለመፈጸም የተፈቀደለት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በዚያው ኡፓኒሻድ አራተኛ ክፍል የንጉሥ ጃናሽሩቲ ታሪክ አለ። ንጉሡ ከሠረገላው ሥር ተቀምጦ እከኩን ሲያክ ወደ ተገኘው ወደ ሊቁ ራይክቫ ስድስት መቶ ላም፣ የአንገት ጌጥና በበቅሎ የሚሳብ ሠረገላ ይዞ ይሄዳል፤ የሚያመልከውን አምላክ እንዲያስተምረው ይለምነዋል። ራይክቫም «አንተ ሹድራ፣ ከነላሞችህ ለራስህ ይሁን» ብሎ ያባርረዋል። ንጉሡ ሺህ ላምና ልጁን ጨምሮ ሲመለስ ግን፣ አሁንም ሹድራ ብሎ እየጠራው ትምህርቱን ይሰጠዋል። ታሪኩ እንደ ተጻፈ ቢነበብ አንድ ሹድራ የቬዳን ምሥጢር ተማረ ማለት ይሆናል። ታላቁ ፈላስፋ ሻንካራ የኡፓኒሻዶቹን ትምህርት የሚያጠቃልለውን የብራህማ ሱትራን 1፥3፥34 ሲተረጉም ይህን አልተቀበለም። ቃሉን «በኀዘን የሮጠ» ብሎ ከፈታው በኋላ ንጉሡ ክሻትሪያ እንደ ነበረ ደመደመ፤ ቀጥሎም ቬዳን የሰማ ሹድራ ጆሮው በቀለጠ እርሳስና በላክ (በቀለጠ ሙጫ) ይሞላ የሚለውን የጥንት ድንጋጌ በማስረጃነት ጠቀሰ። ለፍትሕ ስል መጨመር ያለብኝ፣ ሻንካራ እንደ ማሃባራታ ያሉት ታሪኮችና ፑራናዎቹ (የአማልክት ትረካዎች) ለአራቱም ቫርናዎች ክፍት መሆናቸውንና በማሃባራታ ከሹድራ እናት እንደ ተወለደው ጠቢብ እንደ ቪዱራ ያሉት ካለፈው ሕይወት ባመጡት እውቀት ነጻ መውጣታቸውን አልካደም። የተዘጋው በር ግን የቬዳው በር ነበር፤ የዘጋውም ያልተማረ ባላገር ሳይሆን የአድቫይታ ፍልስፍና አውራ ሊቅ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት መጻሕፍቱን ለማዋረድ አይደለም። የዳሊቱ ወጣት ወደ መቅደሱ ለመግባት መጻሕፍቱ ከበደል ንጹሕ መሆናቸው እስኪረጋገጥ እንዲጠብቅ ከተደረገ፣ መብቱ የሊቃውንት ክርክር ተገዢ ሆኖ ይቀራል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

መምህር ታደለ፦
ልጄ ሂሩት፣ ንባብሽ የሚያኮራ ነው። ሆኖም ሁላችሁም ስለ ቬዳና ስለ ጊታ ስትከራከሩ በደቡብ ሕንድ የቤተ መቅደስን አገልግሎት በእርግጥ የሚገዙትን መጻሕፍት ረስታችኋል። እነዚህ አጋማዎች ናቸው። ሕንጻው እንዴት እንደሚታነጽ፣ የአምላኩ ምስል እንዴት እንደሚቀደስ፣ ምስሉንም በእጁ ሊነካ የሚገባው ማን እንደ ሆነ የሚደነግጉት እነርሱ ናቸው። ለአምላኩ ለሺቫ በሚደረገው የአጋማ ሥርዓት አገልጋዩ አዲ ሻይቫ ከተባለው የካህናት ወገን የተወለደና ዲክሻ የተባለውን ቅበላ የተቀበለ መሆን አለበት፤ ሌላው ብራህሚን፣ ቬዳን በቃሉ የሚያውቅ ቢሆን እንኳ፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ምስሉን መንካት አይፈቀድለትም። እንግዲህ ክልከላውን «ብራህሚን በሌላው ላይ» በሚል ሚዛን ብቻ መመዘን ትክክል አይሆንም። ምእመኑ ያልተፈቀደለት እጅ የነካው ምስል እንደሚረክስና አምላኩም ከዚያ እንደሚለይ ያምናል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 የታሚል ናዱን ሕግ ሲመረምር ሹመትን በውርስ ማስተላለፍ ዓለማዊ ጉዳይ ነው በማለት ሕጉን አጽንቷል፤ ሆኖም ሹመቱ የአጋማውን ሥርዓት እንዳይጥስ አሳስቧል። ሕገ መንግሥቱ የእምነት ነጻነትን ካከበረ፣ ማን መሥዋዕቱን ያቅርብ የሚለውን ለመወሰን ዳኛ ምን ሥልጣን አለው?

ሰናይት፦
መምህር፣ ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ ከ1936 ጀምሬ ልመልስ። በዚያ ዓመት በላሆር የነበረ የጃቲን ሥርዓት ለማስቀረት የተቋቋመ ማኅበር ከዳሊት ወገን የተወለደውን የሕግ ሊቅ ዶክተር አምቤድካርን በጉባኤው ንግግር እንዲያደርግ ጋበዘው። የማኅበሩ ሰዎች የንግግሩን ጽሑፍ አስቀድመው ሲያዩ አምቤድካር የቬዳዎቹና የሻስትራዎቹ (የሕግና የሥርዓት መጻሕፍት) ሥልጣን ራሱ ካልተነካ ጃቲ አይጠፋም እንደሚል ተረዱ፤ ጉባኤውም ተሰረዘ። እርሱ ግን ንግግሩን በራሱ ወጪ አሳተመው። ጋንዲ በሐምሌ ወር በጋዜጣው ሲመልስለት ጃቲ ከሃይማኖት ጋር ግንኙነት እንደሌለው፣ የቫርና ሕግ ግን እያንዳንዱ በአባቶቹ ሙያ እንጀራውን እንዲበላ የሚያስተምር መልካም ሥርዓት እንደ ሆነ ጻፈ። አምቤድካርም ለዚህ የሰጠው መልስ የጋንዲን የገዛ ሕይወት የሚነካ ነበር፤ ጋንዲ በልደቱ ከነጋዴዎቹ ከባንያዎች ወገን ሆኖ ሳለ ጠበቃ ሆኗል፣ ልጁም የብራህሚን ልጅ አግብቷል። ታዲያ የአባት ሙያ ሕግ ከሆነ ማን ነው የሚጠብቀው?

የዮናስን አቋም ያዳከመብኝ ይህ ክርክር ነው። ቫርናን በጉናና በካርማ እናድርገው ብንልም እንኳ ሰውን በአራት ስም ለምን እንጠራዋለን? በጠባዩ የሚመዘን ሰው ስሙም ሆነ ማዕረጉ በየጊዜው መለወጥ ይኖርበታል፤ በታሪክ ውስጥ ይህን ምርመራ የሚያካሂድ አካል አልነበረም። ስሙ ሲቀር ደግሞ የልደቱ ትርጉም ተመልሶ ይገባበታል።

ዮናስ፦
ሰናይት፣ አምቤድካርን አከብራለሁ፤ በ1956 በናግፑር ቡድሂዝምን ሲቀበልም ምርጫው በሚገባ የታሰበበት ነበር። ሆኖም ከውስጥ የተደረገውን ትግል ማሳነስ አይገባም። በኬረላ ዝቅ ተደርጎ ይታይ ከነበረው ከኤዣቫ ወገን የተወለደው ናራያና ጉሩ በ1888 በአሩቪፑራም ከወንዝ ያወጣውን ድንጋይ የሺቫ ምስል አድርጎ ቀደሰ፤ ይህ በዚያ ዘመን ለብራህሚን ብቻ የተተወ ተግባር ነበር። የትራቫንኮር ንጉሥ ኅዳር 1936 ቤተ መቅደሶቹን ለሁሉም ሂንዱ የከፈተው ከእርሱና ከተከታዮቹ ድካም በኋላ ነው። በ1987 በፓሊያም የተሰበሰቡ የኬረላ የሥርዓት ሊቃውንት ብራህሚንነት በግብር እንጂ በልደት እንደማይገኝ ሲያውጁ የሳንስክሪት መጻሕፍትን ይዘው ነበር። በ2017 የተሾሙትም በጽሑፍና በቃል ተፈትነው የገቡ፣ ማንትራውንና የእጅ ምልክቱን ከመምህር እግር ሥር የተማሩ ናቸው።

ሂሩት የራይክቫን ታሪክ ከጠቀሰች፣ በዚያው ክፍል ትንሽ ዝቅ ብላ 4፥4ን ብታነብብ ሳትያካማን ታገኘዋለች። ልጁ ለመማር ሲነሣ እናቱን ጃባላን ስለ ዘሩ ይጠይቃታል፤ እርሷም በወጣትነቷ በየቤቱ ስታገለግል እንደ ወለደችውና አባቱ ከማን ወገን እንደ ሆነ እንደማታውቅ በግልጽ ትነግረዋለች። ልጁ ይህንኑ ሳይሸሽግ ለጋውታማ ሲናገር መምህሩ «ብራህሚን ያልሆነ እንዲህ ሊናገር አይችልም፤ ከእውነት አልራቅህምና ማገዶ አምጣ፣ እቀበልሃለሁ» አለው። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሂሩት፦
ጥቅሱ እጅግ ያማረ ነው፤ ንባቡ ግን ሁለት ነው። አንተ «እውነትን ስለ ተናገረ ብራህሚን ሆነ» ብለህ ታነባለህ፤ ሻንካራ ግን «እውነትን መናገሩ በልደቱ ሹድራ አለመሆኑን አስረዳ» ብሎ ያነባል፤ በብራህማ ሱትራ 1፥3፥37 ላይ ያደረገው ትርጓሜ ይኸው ነው። እኔ ያንተን ንባብ እመርጣለሁ፤ የእርሱንም ግን ከታሪክ ልፍቀው አልችልም።

ለመምህር የምመልሰው፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 ከኬረላ በመጣ አንድ ጉዳይ ሥርዓቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ብራህሚን ባለመሆኑ ከክህነት ሊከለከል እንደማይገባ፣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ልማድም እንደማይጸና ወስኗል። በ2015 የአጋማን ሥርዓት ሲያከብርም መለያው ጃቲ ወይም ልደት እንዳይሆን አስጠንቅቋል። ዲክሻውን፣ ጾሙንና ትምህርቱን ፍርድ ቤት አልነካም፤ የነካው የአባትን ስም ብቻ ነው።

መምህር ታደለ፦
ነገር ግን በአጋማው የአባት ስም ከዲክሻው የሚነጠል አይደለም፤ አንዱን ከሌላው የለየው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ቅር የሚለኝም በዚህ ነው። የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2022 በአጋማ የታነጹ ቤተ መቅደሶች በአጋማው እንዲመሩ ወስኖ እነርሱን ከሌሎቹ የሚለይ ኮሚቴ እንዲቋቋም አዟል። ኮሚቴው መጻሕፍቱን ሲመረምር ከሺቫቻርያዎቹ (ከሺቫ ቤተ መቅደስ የውርስ ካህናት) በቀር ማን ሊያነብለት ይችላል?

ሂሩት፦
መምህር፣ ብዙዎች ሊያነቡለት ይችላሉ። በፖንዲቼሪ የተሰበሰቡት ከ10,000 በላይ የሺቫ እምነት የዘንባባ ቅጠልና የወረቀት የእጅ ጽሑፎች በ2005 በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ውስጥ ገብተዋል፤ አብዛኞቹም አጋማዎች ናቸው፤ ሊቃውንትም እየመረመሩ ሲያሳትሟቸው ኖረዋል። ሺቫቻርያዎቹ ይቀመጡ፣ ከሥልጠና ትምህርት ቤቱ የወጡትም አብረዋቸው ይቀመጡ፤ በልደት ላይ የተጻፈው አንቀጽም ካለ በሁሉም ፊት ይነበብ።